ዝናቡስ አለ፣ ጊዜው ነው የጠፋው፦ ስለ ጎንደርና ስለ ደረቁ ጎረቤቷ ዝናብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክረምት በገባ ቁጥር ያገኘኝ ሰው ሁሉ ስለ ዝናብ ይጠይቀኛል። ጥፋቱ የራሴ ነው። ግቢዬ ውስጥ አንዲት የቲማቲም ጣሳ አስቀምጬ በየጠዋቱ በተማሪ ማስመሪያ ስለካ ጎረቤት አየኝ። ከዚያ ወዲህ «የዝናቡ ሰውዬ» ሆኜ ቀረሁ። የሜትሮሎጂ ባለሙያ አይደለሁም። በለሳ ተወልጄ ጎንደር ያደግኩ፣ ነገሩ ስለሚያሳስበኝ ለዓመታት ሳነብና የሚያውቁ ሰዎችን ስጠይቅ የኖርኩ ነኝ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ፒያሳ ቡና ስጠጣ፣ አዘዞ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የተጠየቅኳቸው ናቸው። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጁ ሲሆን «እ.ኤ.አ.» ብዬ እጽፋለሁ።

ዝናብ ቀንሷል ወይስ ጨምሯል?

ሰው የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። ግን በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም።

የዓመቱ ዝናብ ተደምሮ በአገር ደረጃ ሲታይ፣ ዝም ብሎ የሚወርድም ዝም ብሎ የሚወጣም መስመር የለውም። ካንዱ ዓመት ወደ ሌላው ያለው መዋዠቅ ከመብዛቱ የተነሳ ትንሹን ለውጥ ይውጠዋል። ሙቀቱ እንዲህ አያወላውልም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ድረስ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት 1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል።

መልሱን የሚቀይረው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ መቁጠር የጀመራችሁበት ዓመት። ከ1950ዎቹ ተነስታችሁ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ብታሰምሩ «ዝናብ ጠፋ» ትላላችሁ። ከ1976 ክረምት ተነስታችሁ ወደዚህ ብታሰምሩ ደግሞ «ዝናብ ጨመረ» ትላላችሁ፤ የ1976ቱ ክረምት የመጨረሻው ወለል ነበራ። ሁለቱም መስመሮች ከአንድ መዝገብ የወጡ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ዝናብ በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ከመቼ ወዲህ?» ተብሎ ነው። ጋዜጠኞቹ ይህን ቢጠይቁ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ «ዝናቡ ተበላሽቷል» የሚሉት ሽማግሌዎች ተሳስተዋል?

በፍጹም። እነሱ የሚያወሩት ስለ ድምር አይደለም።

ምሥራቅ በለሳ ያሉ አጎቴን አንድ ነሐሴ ላይ በስልክ «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ዝናቡስ አለ፣ ጊዜው ነው የጠፋው» አሉኝ። እኔ በብዙ ንባብ ያገኘሁትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

እስቲ የእሳቸውን ዓመት በዝግታ እንየው። የማሽላው መሬት የሚፈልገው የግንቦት ዝናብ ቀረ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ጀመረና ተዘራ። ሐምሌ ሲገባ ሦስት ቀን ሙሉ ዶፍ ወርዶ የተዘራውን ጤፍ ከነአፈሩ አጥቦ ወሰደው። እንደገና ተዘራ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለአሥራ ሁለት ቀን ጠብ ሳይል ቀረ። ከዚያ ሁለት ትልልቅ ዝናብ መጣ። ከዚያ ቡሄ ሲያልፍ ጥርግ ብሎ ወጣ። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን። ቡሄ ላይ ገና እያሸተ ላለ እህል ግን ይህ ተረት ሳይሆን መርዶ ነው።

የዚያን ክረምት ዝናብ ብትደምሩት ካምናው ላይለይ ይችላል። እህል ደግሞ ድምር አይጠጣም። አሥር ጊዜ አሥር ሚሊሜትር የዘነበበት ማሳና ሁለት ጊዜ ሃምሳ ሃምሳ የዘነበበት ማሳ መዝገብ ላይ እኩል ናቸው፤ አውድማ ላይ አይገናኙም። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎችም ይህን ስለሚያውቁ ነው ስለ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ስለ «አገባቡ»፣ ስለ «አወጣጡ» እና ስለ «ስርጭቱ» ለይተው የሚናገሩት።

ጎንደር ደረቅ አገር ናት እንዴ? ሐምሌን እዚህ ያሳለፈ ሰው ይስቃል።

ይስቅ። ከተማዋ ደረቅ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዓመት 1,100 ሚሊሜትር ገደማ ታገኛለች። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከኅዳር በኋላ ደግሞ ለወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ይከርማል።

ደረቁ ጎረቤታችን ነው። ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነሳ ደጋው ላይ ሲወጣ ሸክሙን ያራግፋል። ወደ ምሥራቅ ወደ በለሳ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ፣ ወደ አበርገሌና ዋግ ስትወርዱ ዝናቡ እየሳሳ፣ ፀሐዩ እየበረታ ይሄዳል። «ደረቅ» የሚለው ነገር በዝናብ መጠን ብቻ እንደማይለካም ልብ በሉ። የሚዘንበው ውሃ፣ ፀሐይና ነፋስ ሊያተኑት ለሚችሉት ውሃ ሲካፈል ከ0.65 በታች ከሆነ አካባቢው ደረቅ መሬት ይባላል። ሙቀት ሲጨምር የማካፈያው ቁጥር ያድጋል። ስለዚህ አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይቀንስም አገር ሊደርቅ ይችላል።

«ከባድ ዝናብ» ሲባል ስንት ነው?

መጀመሪያ ሚሊሜትሩን እንፍታው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የፈሰሰ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት ላይ 40 ሚሊሜትር ቢዘንብ ጣሪያው 2,000 ሊትር ተቀበለ ማለት ነው። አሥር በርሜል ነው። አንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ገደማ፣ በዚያው ዝናብ 100,000 ሊትር ይወርድበታል። እንግዲህ ያ ሁሉ ውሃ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ወዴት እንደሚሄድ አስቡት።

ልኩን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር አለ። አንደኛው ለሁሉም አገር እኩል የሆነ ወሰን ነው፤ በቀን 20 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የዘነበበትን ቀን ይቆጥራል። ሁለተኛው፣ እኔ የምመርጠው፣ አካባቢውን ከራሱ ጋር ያወዳድራል። የዚያ ቦታ ዝናባማ ቀናት ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው ከመቶው አምስቱ፣ ከላይ ያሉት፣ «እጅግ ከባድ» ይባላሉ። በዚህ ሚዛን ለጎንደር ሐምሌ ተራ የሆነ ዝናብ ለዋግ ትልቅ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ለዋግ የተሠራው ቦይና ድልድይም በዋግ ልክ ነው የተሠራው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ነሐሴ። ከሰሜን በኩል ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። በርበሬ የምትሸጠው ሴትዮ ማዳበሪያዋን ጠቅልላ ሳትጨርስ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። በመንገዱ ላይ የሚወርደው ውሃ መጀመሪያ ቡናማ ነበር፤ በኋላ በርበሬው ገብቶበት ቀይ ሆነ። ሽንኩርት፣ ፌስታል፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ ተከታትለው ሄዱ። ቤቴ ስደርስ ማስመሪያዬ ሦስት ሳንቲሜትር ተኩል አነበበ። 35 ሚሊሜትር ማለት ነው። ለዓመቱ ድምር ምንም አይደለም። ለሴትዮዋ ግን የወሩ ገቢ ነው።

ምድር ስትሞቅ ዶፉ ለምን ይበረታል?

ሞቃት አየር ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር አየር ሊይዘው የሚችለው እንፋሎት 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። የዓለም ጠቅላላ ዝናብ ግን በዚያው ልክ አያድግም፤ በአንድ ዲግሪ ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው የሚጨምረው። ልዩነቱ ውስጥ ነው ነገሩ ያለው።

እንስራ አስቡ። ትንሹን እንስራ አንስታችሁ ትልቅ እንስራ ብትተኩ፣ ምንጩ ግን ያው ቀጭን ምንጭ ቢሆን፣ ለመሙላት ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ሲደፋ ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ነው የሚደፋው። ረጅም የድርቀት ቀናትና ብርቱ ዶፍ አብረው የሚመጡት ስለዚህ ነው። ሁለቱ የሚጣሉ ወሬዎች አይደሉም።

እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2020 የነበረው የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ይበልጣል። የመንግሥታቱ ድርጅት የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት እንዳለው ድሮ በአሥር ዓመት አንዴ ይመጣ የነበረው የአንድ ቀን ከባድ ዝናብ በየብስ ላይ ዛሬ 1.3 ጊዜ ያህል ይመጣል፤ መጠኑም 6.7 በመቶ ያህል ጨምሯል። ይህ የዓለም አማካይ ነው። ቀጥታ በለሳ ውስጥ ወዳሉት ወደ አርባያ ወይም ወደ ጉሃላ አትውሰዱት።

ደረቅ አገር ብዙ ዝናብ ካገኘ ደስ ሊለው አይገባም?

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አዲስ አበባ ያደገ ወዳጄ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ያየ ሰው አይጠይቀውም።

አፈር እንደ ሰው ነው፣ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው ልክ አለው። አሸዋማ አፈር በሰዓት ከ30 ሚሊሜትር በላይ ሊያሰርግ ይችላል። ሸክላ የበዛበት አፈር ግን በሰዓት ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ነው የሚውጠው። አሁን 40 ሚሊሜትር ዝናብ ሸክላ መሬት ላይ አውርዱ። በስምንት ሰዓት ካፊያ ሆኖ ከወረደ ሁሉም ይሰርጋል። በአንድ ሰዓት ከወረደ 35 ሚሊሜትሩ ላይ ላዩን ይሄዳል። ውሃው ያው ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ለሽንብራ የሚተርፍ እርጥበት አገኛችሁ፣ በሁለተኛው ቦረቦር።

ዋልካ መሬት የራሱ አመል አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ። የመጀመሪያውን ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ዋጥ ዋጥ ያደርገዋል። ከዚያ ያብጥና ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ የሚመጣው ዶፍ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ደንቢያ ላይ ነሐሴን ያየ ያውቀዋል። በለሳ ተዳፋት ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ፍየልና ከብት የረገጠው፣ ሣር የሌለው መሬት ፀሐይ ሲመታው ቅርፊት ያበጃል። ጠብታው ሲያርፍበት እንደ ቆርቆሮ ይነጥራል።

ስለዚህ እርከንና ክትር ስንሠራ ዝናብ እየጨመርን አይደለም። ውሃው የሚቆይበትን ሰዓት እያስረዘምን ነው። በየዓመቱ በበጋ ሕዝቡ የሚወጣበትን የተፋሰስ ዘመቻ ለሪፖርት ብቻ ነው ብለው የሚያሙት አሉ። አንዳንዱ እውነት ለሪፖርት ነው፣ እኔም ክረምቱን ያልጨረሰ እርከን አይቻለሁ። በደንብ የተሠራው ግን ከታቹ ያለውን ምንጭ ስታዩ ይታወቃል።

በዓለም ያሉ ደረቅ አካባቢዎችስ ምን እየሆኑ ነው?

«እርጥቡ ይበልጥ ይረጥባል፣ ደረቁ ይበልጥ ይደርቃል» የሚል አባባል ተለምዶ ነበር። ውቅያኖስ ላይ ይሠራል። የብስ ላይ ግን በደንብ አልሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በዓለም ደረቅ አካባቢዎች የዓመቱ ድምርም ሆነ የዓመቱ ትልቁ የአንድ ቀን ዝናብ በየአሥር ዓመቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ እየጨመረ መምጣቱን አሳየ። ብዙ ተወራለት። በቀጣዩ ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ፈትሸው፣ መነሻ የተደረጉት ዓመታት ራሳቸው ጭማሪውን እንደሚያጋንኑት፣ «ደረቅ» የሚለው ቃል በዝናብ ብቻ ሳይሆን በትነትም ሲለካ ውጤቱ እንደሚቀንስ አሳዩ። ከዚያ ጭቅጭቅ የተረፈው ጠንካራው ነገር ይሄ ነው፦ የከባዱ ዝናብ መክበድ እርጥብ አገር ላይ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም።

ኤልኒኞ ሲባል እሰማለሁ። ፓስፊክ ውቅያኖስ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?

በመካከለኛውና በምሥራቃዊው ፓስፊክ ያለው የባሕር ወለል ውሃ ከወትሮው ሲሞቅ ኤልኒኞ ይባላል። ያ ሙቀት የምድርን የአየር ዝውውር ያናጋል። ለእኛ ሰሜኑ ክፍል ክረምቱን ያዳክማል። ለደቡቡና ለሶማሌ ክልል ደግሞ በተቃራኒው የጥቅምትና የኅዳሩን ዝናብ ያበረታል። አንድ አገር፣ አንድ ኤልኒኞ፣ ሁለት ዕጣ።

የ2007 ክረምት ለዚህ ትልቁ ማሳያ ነው። ብርቱ ኤልኒኞ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገለጸ። የ2015 ክረምትም በኤልኒኞ ስር ነበር። ያኔ በሰሜን ጎንደር ጃን አሞራና በአካባቢው የነበረው ድርቅ ከባድ ነበር።

ይሁንና ኤልኒኞ ለሁሉም ነገር ሰበብ አይሆንም። ቀጥሎ ያለውን ተመልከቱ።

የሰባ ሰባቱ ድርቅስ?

ያኔ ኤልኒኞ አልነበረም። ሰው «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» ይላል እንጂ ዝናቡ የከዳው በ1976 ክረምት ነው፤ 77 ረሃቡ የጠናበት ዓመት ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ካሉት የሳሕል አገሮች ጀምሮ እስከ እኛ ደጋ ድረስ የተዘረጋ፣ ዓመታት የቆየ ድርቀት ነበር። የአትላንቲክና የሕንድ ውቅያኖሶች ሙቀት መዛባት ዋናው ምክንያት ነው። ከዚህ ላይ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎች ይወጣ የነበረው የሰልፌት ብናኝ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ አቀዝቅዞ የዝናቡን ቀበቶ ወደ ደቡብ እንዲሸሽ ማድረጉን ዛሬ ተመራማሪዎች ይቀበሉታል። ያ ብናኝ ሲቀንስ ዝናቡም በከፊል ተመለሰ።

ድርቅ ደግሞ በራሱ ረሃብ አይደለም። ጦርነቱና የያኔው መንግሥት ዝምታ ባይኖሩ ያ ዝናብ ማጣት ያን ያህል ሰው ባልጨረሰ ነበር።

በአንድ ቦታ ድርቅም ጎርፍም እንዴት ይሆናል?

ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ቦረናና ሶማሌ ክልል በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅት ከዳቸው። ከብቱ አለቀ። በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ደግሞ ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቀለቀ፣ ድርቁን የተረፈው ቤተሰብ ከጎርፍ ሸሸ።

ድሬዳዋ ደረቅ ከተማ ናት። በሐምሌ 1998 መጨረሻ፣ ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ከላይ ተራራ ላይ በዘነበ ዝናብ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ ነው። የደረቅ ወንዝ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሰው ያምነዋል። በዚያው ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም ውሃ ውጧቸው ብዙ ሺህ ሰው ተፈናቅሏል። ያኛው ሌላ ዓይነት ጎርፍ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ቆሞ የሚቀር።

«በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ጎርፍ» ከመጣ በኋላ መቶ ዓመት እናርፋለን?

አናርፍም። ስሙ ያሳስታል። ትርጉሙ በእያንዳንዱ ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጣ ማለት ለከርሞው ዕድሉ ቀነሰ ማለት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የምትኖሩበት ቤት ወንዝ ዳር ከሠራችሁ፣ በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ነው። ከአራት አንድ። ይህም የድሮው የዝናብ መዝገብ ለወደፊቱም ይሠራል ብለን ነው፤ ከላይ እንዳየነው አይሠራም።

አዘዞ ፀሐይ ሆኖ ፒያሳ ለምን ይዘንባል? ትንበያውስ ለምን ይስታል?

የክረምት ነጎድጓድ ደመና ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ ተራራውን ተደግፎ ይነሳል፣ ያለበት ቦታ ላይ ይደፋል። ያ የቅዳሜ ገበያው ዕለት አዘዞ ላለች እህቴ ደውዬ ብነግራት «እኛ ጋ እኮ ልብስ ደርቋል» አለችኝ።

የወቅት ትንበያ ደግሞ የቀን ትንበያ አይደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚያወጣው ትንበያ ሦስት ሳጥን አለው፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለየሳጥኑ ዕድል ይሰጣል። «45 በመቶ ከመደበኛ በላይ» ተብሎ ካነሰ ትንበያው ዋሸ ማለት አይደለም፤ 55 በመቶው እኮ ሌላ ቦታ ነበር። ችግሩ ሬድዮ ላይ ሲደርስ «ዘንድሮ ጥሩ ዝናብ ይኖራል» ተብሎ መጠቅለሉ ነው። «መደበኛ» የሚባለውም የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን በዓለም የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። የእናታችሁ «መደበኛ» ከዚህ ይለያል።

ዛፍ ብንተክል ዝናብ ይመጣል?

ደን ዝናብን የሚረዳው በሺህ ኪሎ ሜትሮች ስፋት ሲሆን ነው። የኮንጎ ደን የሚተነፍሰው እርጥበት ወደ እኛም ይደርሳል። ከጎንደር በላይ ያለ አንድ ኮረብታ ብናለብስ ግን ደመና አይጠራልንም። የሚያደርገው ሌላ ነው፦ ጠብታውን ያለዝባል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ጎርፉን ያዘገያል። የቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ዝናብ ላይ ቆማችሁ ከሆነ ይገባችኋል፤ ውጭው ሲያባራ ውስጡ ገና ያንጠባጥባል።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ግን ምንጭ አጠገብ አትትከሉት። ይጠጣል።

ሰው ሠራሽ ዝናብስ?

በ2013 መንግሥት ደመና የማበልጸግ ሙከራ መጀመሩን ይፋ አድርጎ ነበር። ቴክኖሎጂው ያለ ደመና ምንም አይሠራም። ያለ ደመና የሚሠራው ምህላ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የእኔ ጥያቄ አይደለም።

ይህ ሁሉ ዝናብ እየዘነበ ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ የሚመጣው ለምንድን ነው?

ሰውን የሚያናድደው ጥያቄ ይሄ ነው። እኔንም ያናድደኛል። ሐምሌ ላይ ጎርፍ በሬን እያንኳኳ ጀሪካን ይዤ ተሰልፌ አውቃለሁ።

ከተማዋ ለብዙ ዓመታት የተደገፈችው በአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ የሚቀበለው ውሃ ብቻ አይደለም። ከላይ ያለው ተዳፋት በታረሰና በተራቆተ ቁጥር ዶፉ አፈር ይዞ ይገባል። ደለሉ ይቀመጣል። ውሃው የሚቀመጥበት ቦታ ይጠብባል። ስለዚህ ከባድ ዝናብ ግድቡን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፦ ከሚያስፈልገን በላይ ውሃ በአንድ ጊዜ ያመጣል፣ ያ ደግሞ ሞልቶ ይፈሳል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ክረምት የሚይዝበትን ሆድ ደግሞ በጭቃ ይሞላል። የሕዝቡ ቁጥር ማደግ ሲጨመርበት ፈረቃው ይገባችኋል። ማስተዳደሩ ላይ ያለው ጣጣ ሌላ ምዕራፍ ነው።

ወደፊትስ?

ሙቀቱ ይጨምራል፤ ይህ አከራካሪ አይደለም። ለምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ዝናብ ይበልጥ እንደሚከብድም ሞዴሎቹ ይስማማሉ። የምድር ሙቀት 2 ዲግሪ ቢደርስ ድሮ በአሥር ዓመት አንዴ የነበረው ዶፍ፣ በዓለም አማካይ፣ 1.7 ጊዜ ይመጣል ነው የሚባለው። የክረምቱ ድምር ላይ ግን ሞዴሎቹ አይስማሙም። አንዳንዱ ለደጋው ይጨምራል ይላል፣ አንዳንዱ ይቀንሳል። አንድ ሰው መጥቶ በእርግጠኝነት አንዱን ከነገራችሁ የሚሸጠው ነገር አለው።

ዶፍ ሲይዘኝ ምን ላድርግ?

የሚወርድ ውሃ አትሻገሩ። ቁርጭምጭሚት አልፎ 15 ሳንቲሜትር የሆነ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ ባጃጅማ ከዚያ በፊት ነው የሚሄደው። 60 ሳንቲሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ከላይ ተራራው ጠቁሮ እናንተ ጋ ፀሐይ ከሆነ ወንዝ ውስጥ ልብስ አትጠቡ። የሰፈራችሁን ቱቦ ከፌስታል የምታጸዱት ደግሞ ሐምሌ ላይ ሳይሆን ግንቦት ላይ ነው።

እኔም ቤቴ ልለካ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ቢበዙልኝ ደስ ይለኛል። ከአፍ እስከ ቂጡ እኩል ስፋት ያለው ጣሳ ፈልጉ። ወደ ላይ የሚሰፋ ኩባያ አይሆንም። ከቤትና ከዛፍ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ርቀቱ የቤቱን ቁመት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው። እንዳይገለበጥ ግማሹን ቅበሩት፤ አፉ ግን ከመሬት ከፍ ይበል፣ አለዚያ ጭቃ ይረጭበታል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ጣቢያዎቹም የሚለኩት ያኔ ነው፣ ማስመሪያ አስገብታችሁ አንብቡ። ማስመሪያው ከጫፉ የማይጀምር ከሆነ ያቺን ባዶ ክፍል አትርሱ፤ እኔ የመጀመሪያውን ክረምት ሙሉ በአራት ሚሊሜትር አሳንሼ ነው የጻፍኩት። ዝናብ ያልጣለበትንም ቀን ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ባዶ መስመርና ዜሮ አንድ አይደሉም። ከተለካው በላይ ስለ ዝናቡ ብዙ የምትነግራችሁ የዜሮዎቹ ሰልፍ ናት።

የእኔ ደብተር አሁን ስድስት ክረምት ይዟል። ክፍተት አለበት። የአምናው ጳጉሜ ሁለት ባዶ ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ ጠዋት ስወጣ የጎረቤት ዶሮዎች ጣሳዋን ከብበው ጠጥተው ጨርሰዋታል።